በዓይን አይቶ በእጅም ዳሶ ስለ ማወቅ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር

ሰው ዕውቀትን በሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው ከአባቶችና ከመምህራን አፍ በመስማት፥ ከመጽሐፍም በማንበብ ነው፤ ሁለተኛው በአምስቱ ሕዋሳት ነገሩን ራሱን በመመርመርና ደጋግሞ በመፈተን ነው። ፊተኛው ባይኖር ሰው ሁሉን ነገር እንደ አዲስ መጀመር ግድ ይሆንበት ነበር፤ ኋለኛው ከሌለ ግን የተማረው ቃል ባፉ ይቀራል እንጂ ወደ ልቡናው አይገባም።

ለዚህም የእንጦጦ ተራራ ምስክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን በዚያ ሠርተው ነበር፤ ስፍራው ከፍ ያለ ነውና ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመች ነበር። ነገር ግን ዓይን የመረጠውን ስፍራ ገላ ፈተነው፤ ነፋሱና ብርዱ ጠና፥ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱና ሹማምንቱ ደግሞ በፍል ውኃ ለመታጠብ ወደ ታች እየወረዱ የሜዳውን ሙቀት በገላቸው አወቁት። ስለዚህ በ1879 ዓ. ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች፤ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል ግን እስከ ዛሬ በተራራው ላይ አሉ።

የእንጨት ችግር አዲሲቱንም ከተማ ተከተላት፤ በ1893 ዓ. ም. ገደማ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደረሰ። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ግን የአውስትራልያ ተወላጅ የሆነው ባሕር ዛፍ ገብቶ ነበር። ሕዝቡም ቶሎ ሲያድግ፥ ተቈርጦም ከጉቶው ዳግመኛ ሲያቈጠቍጥ በዓይኑ ስላየ ተከለው፤ ከተማውም ከስፍራው ሳይነሣ ቀረ። ቆይቶ ደግሞ ገበሬው በባሕር ዛፍ አጠገብ የተዘራ እህል እንደሚቀጭጭ አየ። የፊተኛው ዕውቀት ሐሰት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ።

ሕዋሳትም ብቻቸውን ይሳሳታሉ። መምህር ሦስት ሳሕን ውኃ ያቅርብ፤ አንዱ ቀዝቃዛ፥ አንዱ የማያቃጥል ሙቅ፥ መካከለኛው ለብ ያለ ይሁን። ተማሪው አንድ እጁን በቀዝቃዛው፥ ሁለተኛውን በሙቁ ጥቂት አቆይቶ ሁለቱንም ባንድነት በመካከለኛው ቢነክር፥ አንዱ እጅ ሞቀኝ፥ ሁለተኛው በረደኝ ይላል። ውኃው ግን አንድ ነው። መለኪያ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በከፍተኛ ተራራ ላይ ባቄላ የምትቀቅል እናት ንፍሮው ከቆላ ይልቅ እንደሚዘገይ በልምድ ታውቃለች፤ የሙቀት መለኪያም ምክንያቱን ይነግራታል። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ፥ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ተራራ ላይ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና።

እንግዲህ መምህር ስለ አፈር በሚያስተምርበት ቀን ልጆቹን ወደ እርሻ ያውጣ፤ ዋልካውንና ቀዩን አፈር በእጃቸው ይዳስሱ፥ ውኃ አፍስሰውም የትኛው ፈጥኖ እንደሚመጥ ይዩ፥ ያዩትንም ይጻፉ። የአገር ሽማግሌም ሕፃን ሲጠይቀው በዓይኑ ያየውን ለብቻ፥ በወሬ የሰማውን ለብቻ ለይቶ ይንገረው። ይህን መለየት ገና በልጅነቱ የለመደ ሰው፥ ካደገ በኋላ ለምስክርነት በዳኛ ፊት ሲቆም ያላየውን አየሁ አይልም።