ስለ ትምህርት ቤቶች ዝና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ልንናገርበት የመረጥነው አርእስት «ዝና» የሚል ነው። በአዲስ አበባ ሁለት ወላጆች ሲገናኙ፥ ጤንነት ከተጠያየቁ በኋላ «ልጅሽ የት ነው የሚማረው?» መባባላቸው አይቀርም። የትምህርት ቤቱ ስም እንደ ተነገረም ልጁ ሳይታይ ይፈረድለታል፤ ወይም ይፈረድበታል።

በእርግጥ መልካም ስም በከንቱ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም በፈረንሳይኛ ትምህርቱ፥ እ.ኤ.አ. በ1959 በዴ ላ ሳል ወንድሞች የተቋቋመው ቅዱስ ዮሴፍ በሥነ ሥርዓቱ፥ ሳንፎርድም በእንግሊዝኛው ታውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ባደረገ ጊዜ እንኳ የቀድሞዎቹ ስም ከሰው አፍ አልጠፋም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለምና።

ዳሩ ግን ዝና በምን ይመዘን? አንዳንዱ በክፍያው ብዛት፥ አንዳንዱ በሕንፃውና በሰርቪሱ ማማር ይመዝናል። ይህ ልብስን አይቶ ሰውን እንደ መመዘን ነው። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነው ይባላል። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በዚያን ጊዜ ዝናና ዕውቀት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ብዙ ወላጅ ተረዳ።

ይሁን እንጂ ይህም ሚዛን ቀዳዳ አለው። ከባድ ሕመምተኛን ከደጃፍ እየመለሰ «እኔ ዘንድ የሞተ የለም» የሚል ሐኪም ቢኖር፥ ማን ያመሰግነዋል? ጎበዙን ብቻ በመግቢያ ፈተና መርጦ፥ ደካማውን ከ12ኛ ክፍል በፊት የሚያሰናብት ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው።

ይህን የምንለው በሌሎች ለመፍረድ አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረውን የተማሩ ሁለት ጓደኞቻችን፥ ባለፈው ዓመት ውጤታቸው ዝቅ ስላለ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲፈልጉ ተነገራቸው። በዚህ መጽሔት በሚወጣው የተመራቂዎች ፎቶግራፍ ላይ የእነርሱ ፊት የለም። እኛም ያን ጊዜ ዝም አልን፤ የትምህርት ቤታችን ስም ከፍ ብሎ እንዲታይ ፈልገን ነበርና። ዛሬ ግን ዝምታችን ያሳፍረናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር በትሕትና እንለምናለን። አንደኛ፥ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲለጠፍ፥ ካለፉት ቁጥር አጠገብ በ9ኛ ክፍል የጀመሩት ስንት እንደ ነበሩ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ማንም ተማሪ ከመሰናበቱ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ይታገዝ። ለዚህም እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እስከ ፈተናችን ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ልናስጠና ተስማምተናል። እናንተም ወላጆቻችን፥ «ስንት አለፉ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ስንትስ በመንገድ ቀሩ?» ማለትን አትርሱ።

ትምህርት ቤታችንን የምንወድ ስለ ሆንን እውነቱን ተናገርን። መጪው በዓል ሲከበር፥ ከገቡት መካከል የሚጎድል ፊት እንዳይኖር እግዚአብሔር ይርዳን።