ለማስታወቂያ የሚወጣ ገንዘብ ሳይቆጠር አይውጣ

(ከዚህ በታች የቀረበው በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ በሰፈራችን በልብስ ስፌት ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት አባል ያሰሙት ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት ኮሚቴው ስለ ወሰነ ሙሉ ቃሉ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ኮሚቴው ተነሥቼ እንድናገር ሲያዘኝ «እኔ መርፌና ክር እንጂ ንግግር የት አውቄ» ብዬ ነበር። ነገር ግን የተነሣው ጉዳይ የሁላችንም ገንዘብ ስለሆነ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እንደምታውቁት ከማኅበሩ ተቀማጭ 60,000 ብር ወጥቶ፣ የስድስት አባላት ሥራ በጎግልና በፌስቡክ ማስታወቂያ እንዲተዋወቅ ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ልጆቻችን ለበጎ ብለው ነው፤ እኔም አልቃወማቸውም። ይሁን እንጂ በዚሁ መንገድ ቀድሜ ሄጄ እጄን የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው ቤቴ መጣ። «እትዬ፣ በወር ውስጥ አሥር ሺሕ ላይክ አመጣልሻለሁ፤ የሐበሻ ቀሚሱን ሰፍተሽ አትዘልቂውም» አለኝ። 12,000 ብር ሰጠሁት። ገጹን እርሱ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ስም ከፈተው። እውነቱን ለመናገር ላይኩ መጣ። ልጄና እኔ ማታ ማታ ቁጥሩን እያየን ደስ ይለን ነበር። ስልኩ ግን አልጮኸም! በዓሉ አለፈ፤ ከሰፋኋቸው ቀሚሶች አብዛኛዎቹ እዚያው ተሰቅለው ቀሩ። በኋላ ልጄ ላይክ ያደረጉትን ሰዎች አንድ በአንድ ብታይ፣ ብዙዎቹ የሐበሻ ቀሚስ ምን እንደሆነ እንኳ የማያውቁ የሩቅ አገር ስሞች ናቸው። ታዲያ ገጹን እንዲያስረክበኝ ብጠይቀው «ተጨማሪ ክፈይ» አለኝ፤ ቆይቶም ስልኩን ዘጋ። የእጄ ሥራ ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ እስከ ዛሬ በሰው እጅ ነው።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከዚያ በኋላ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከሥር ጀምረን ተማርን። የተማርነውም ይህ ነው።

አንደኛ፤ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ እንዳለ እንወቅ።

የታክሲ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ለመንገደኛው ሁሉ ነው የሚጮኸው። የሚሄደውም የማይሄደውም ይሰማዋል። የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የቲክቶክ ማስታወቂያ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሰውየው ቀሚስ ሊገዛ አላሰበም፤ የወዳጁን ልጅ ልደት ሊያይ ነው የገባው። በመሐል የእኛ ቀሚስ ብቅ ይልበታል። በእርግጥ ድርጅቶቹ የሰውን ዕድሜ፣ የሚኖርበትን ቦታና የሚወደውን ነገር እያዩ ለማን እንደሚያሳዩ ይመርጣሉ፤ ያም ሆኖ ሰውየው አልጠየቀንም።

የጎግል የፍለጋ ማስታወቂያ ሌላ ነው። አንድ ሰው ሌሊት የቤቱ ቧንቧ ፈንድቶበት «የቧንቧ ሠራተኛ አዲስ አበባ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከመልሶቹ ጋር ማስታወቂያ እንደሆነ ምልክት ተደርጎበት የሚወጣ አለ። ይኸኛው ሰው ፈላጊ ነው፤ ቸግሮታል። ስለዚህ ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን የፍለጋው ይሻላል፤ በዓይን ታይቶ ለሚወደድ ሥራ፣ ለምሳሌ ለቀሚስ፣ ለሹሩባና ለሞቢልያ፣ የፎቶግራፉ ይሻላል። እንጀራ ለምትጋግረው እኅታችን ግን፣ ይቅርታ ታድርግልኝና፣ ሁለቱም አያስፈልጓትም። ደንበኞቿ በእግር የሚመጡ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ለእርሷ በር ላይ የሚሰቀል ጥሩ ሰሌዳ ይበቃታል።

ሁለተኛ፤ ዋጋው የሚወሰነው በጨረታ ነው።

ብዙዎቻችን ማስታወቂያ እንደ ጋዜጣ የተቆረጠ ዋጋ ያለው ይመስለናል። አይደለም። የፍለጋን ቦታ በጨረታ መሸጥ የተጀመረው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ጎቱ ዶት ኮም በሚባል ድርጅት ነው። ጎግል የራሱን የማስታወቂያ አገልግሎት በ2000 አወጣ፤ በ2002 ደግሞ በጨረታ በተነካ ቁጥር ወደሚከፈልበት ዘዴ ገባ። ፌስቡክም በ2007 ተከተለ። ዛሬ የእነዚህ ድርጅቶች እንጀራ ይኸው ነው። የጎግል እናት ድርጅት አልፋቤት በ2023 ካስገባው ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ውስጥ ከሦስት አራተኛው የሚበልጠው ከማስታወቂያ የመጣ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው ቃሉን በጻፈ ቁጥር በዓይን ጥቅሻ ጨረታ ይካሄዳል። አስተዋዋቂው «አንድ ሰው ማስታወቂያዬን ቢነካ እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የጠራ ሁሉ አያሸንፍም። ማስታወቂያው ከተጠየቀው ነገር ጋር መግጠሙ፣ ሲነኩትም የሚወስደው ገጽ የሚረባ መሆኑ አብሮ ይመዘናል። ስለዚህ ዋጋው፣ ቦታውና ስልክ ቁጥሩ በግልጽ የተጻፈበት ገጽ ያለው ትንሽ ነጋዴ፣ ገጹ የተዝረከረከ ትልቅ ነጋዴን በአነስተኛ ክፍያ ሊቀድም ይችላል። ለእኛ ለትንንሾቹ ይህ መልካም ዜና ነው።

መጥፎው ዜና ደግሞ የምንከፍለው ለተነካ እንጂ ለተሸጠ አለመሆኑ ነው። ገብቶ አይቶ የወጣውም ተቆጥሮ ይታሰብብናል። በፌስቡክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሂሳቡ የሚታሰበው ማስታወቂያው ለሰው በታየ ቁጥር ነው፤ ባይነካም ማለት ነው። ዋጋው በመሠረቱ ከዶላር ጋር የተያያዘ መሆኑንም አንርሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቀድሞ ለአንድ ወር የሚበቃ ብር ለግማሽ ወር ሆነ ማለት ነው። በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ስለሌለን በአስከፋይ በኩል ከሄድን ደግሞ የእርሱም ድርሻ ይጨመርበታል።

ሦስተኛ፤ ደብተር ይዘን እንቁጠር።

ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ ቁርጥ ዋጋ አይደለም። 3,000 ብር አወጣን እንበል። አንድ መንካት 15 ብር ቢያወጣ 200 ሰው ገጻችንን አየ። ከ200ው አሥሩ ደወሉ። ከአሥሩ ሦስቱ አዘዙ። ከአንድ ቀሚስ ጨርቁ፣ ጥለቱና የሠራተኛው ተከፍሎ 1,200 ብር ቢተርፈኝ፣ ከሦስቱ 3,600 ብር አገኘሁ። የማስታወቂያው 3,000 ሲቀነስ 600 ብር ቀረኝ። ሁለት ሰው ብቻ ቢያዝ ኖሮ ግን 600 ብር ከስሬአለሁ! በአንዲት ቀሚስ ነው ትርፉና ኪሳራው የተለያየው። ላይኩ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የትም የለም፤ ልብ አላችሁ?

ስለዚህ የሚደውል ደንበኛን ሁሉ «ከየት ሰምተው ነው?» ብሎ መጠየቅና መጻፍ ግዴታ ነው። እኔ ስጠይቅ ያገኘሁት ነገር አስገርሞኛል። አብዛኛው ደንበኛዬ ቀድሞ ያሰፋ ሰው የላከልኝ ነበር።

አራተኛ፤ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት በነጻ ያለውን እንጠቀም።

ጎግል ካርታ ላይ የሱቅን ስም፣ ስልክና የሥራ ሰዓት ማስመዝገብ አይከፈልበትም። ባለቤትነታችሁን አረጋግጡ ይላል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። «አስመዘግብላችኋለሁ» ብሎ ብዙ ብር የሚጠይቅ ቢመጣ ይህን አስታውሱ። የተደሰተ ደንበኛ እዚያው ላይ አስተያየት እንዲጽፍ መለመንም ይቻላል። ነገር ግን ዘመድ ሰብስቦ የውሸት ምስክርነት ማስጻፍ ክልክል ነው። የቴሌግራም ቻናልም በነጻ ይከፈታል። የሠራነውን በየሳምንቱ ከነዋጋው ብናወጣበት ደንበኛው «ዋጋ በውስጥ መስመር» እየተባለ አይንገላታም።

አምስተኛ፤ የምንከፍል ከሆነ እንጠንቀቅ።

ሀ/ ገጹና የማስታወቂያው ሂሳብ በባለቤቱ ስም ይከፈት። ሠራተኛ ብንቀጥር የሥራ ፈቃድ እንስጠው እንጂ የይለፍ ቃሉን አንስጥ። ኃላፊዎቹም ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይገባል። በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ይደረግበት። «ገጻችሁ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ተጫኑ» የሚል መልእክት ሲመጣ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሌባ ነው።

ለ/ ቃላቱ ይመረጡ። በአማርኛ የሚፈልግ ሰው «የሐበሻ»፣ «የሀበሻ»፣ «የሃበሻ» እያለ እንደ ልማዱ ይጽፋል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍም ሞልቷል። ሁሉም ይግቡ። የማንፈልጋቸውንም ቃላት ማስወጣት ይቻላል። እኔ ቀሚስ አላከራይም፤ ስለዚህ «ኪራይ» የሚለውን ቃል ካላስወጣሁ ቀሚስ ሊከራይ የመጣ ሁሉ ብሬን ይበላል።

ሐ/ ቦታው ይወሰን። በጎግል ላይ ካልተስተካከለ በቀር፣ በአዲስ አበባ የሚኖር ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባን ከሩቅ ሆኖ የሚያስብም ማስታወቂያውን ሊያይ ይችላል። ዋሽንግተን ያለችው እኅታችን ብታየው ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ልልክላት ካልቻልኩ ገንዘቤን በከንቱ ከፈልኩ።

መ/ ተከታይም ሆነ ላይክ በገንዘብ አይገዛ። የተገዛ ላይክ ቀሚስ አይለብስም።

ሠ/ የማንችለውን አንናገር። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል። አዋጁ ባይኖርስ? የሌላ ሰው ቀሚስ ፎቶግራፍ ለጥፈን ደንበኛው መጥቶ የእኛን ሲያይ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። የከፈልንበት ማስታወቂያ የሚያሰድበን ይሆናል ማለት ነው።

ወገኖቼ፤ ወደ ገንዘባችን ልመለስ። ይህ 60,000 ብር የብዙ ወር መዋጮ ነው። በየወሩ ከጡረታቸው ቆርጠው የሚያዋጡ አባቶች እዚህ ተቀምጠዋል። የእኔ 12,000 ብር የእኔ ጥፋት ነበረ፤ አለቀሰኩ፣ አለፈ። ይህኛው ቢጠፋ ግን ማን ለማን ይመልሳል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አናውጣ። የእኔ ሐሳብ፣ ከስድስቱ ሁለቱ ይመረጡ፤ አንዱ በፍለጋ፣ ሌላው በፎቶግራፍ። ለእያንዳንዳቸው 3,000 ብር ለአንድ ወር ይሰጥ። የደወለው፣ ያዘዘው፣ የተረፈው በደብተር ይጻፍ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን እዚሁ ከፍተን እንይ። ካተረፈ እንጨምር፤ ከከሰረ 54,000 ብራችን በቦታው አለ።

ልጆቻችንንም አደራ የምላቸው አለ። ስልኩን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አስተምሩን። እኛም ደግሞ ስለ ደንበኛ የምናውቀው ነገር አለ። በተቀጠረለት ቀን ቀሚሱ ያልደረሰለትን ሰው የትኛውም ማስታወቂያ አይመልሰውም።



(ከኮሚቴው፦ ስብሰባው በሐሳቡ ላይ ከተወያየ በኋላ፣ የቧንቧ ሥራውና የሞቢልያ ሥራው ለአንድ ወር እንዲሞከሩ በድምፅ ብልጫ ወስኗል። ተናጋሪዋ የራሳቸው ሥራ እንዳይመረጥ ጠይቀዋል። የወሩ ሂሳብ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።)