አደራ በላ

የተከበራችሁ የኮሌጁ አመራሮችና መምህራን፣ ከቡሬ፣ ከጂጋ፣ ከቋሪትና ከሰከላ ሌሊት ተነሥታችሁ ፍኖተ ሰላም የገባችሁ ወላጆች፣ የዛሬዎቹ ባለጋዎኖች፦

«ፀሐዩ ይበረታልና አጠር ይበል» ተብያለሁ። ስለዚህ ስለ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፤ ስለ ሌባ። የበሬ ሌባ እንኳ አገር አውጫጭኝ ተቀምጦ ያወጣዋል። የእኔ ነገር የጽሑፍ ሌባ ነው፤ ሌላው ያሰበውን፣ ያጠናውን፣ የጻፈውን የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ። ተመራቂዎቹ ፕሌጃሪዝም ሲባል ሰምታችኋል። ለወላጆች ግን «አደራ በላ» ብል በቶሎ እንግባባለን።

የሰከላ ልጆች የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ጻድቁ ታስረው ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጡ ይባላል። ከዓመታት በኋላ ተፈትተው መጡና አደራዬን አሉት። ውኃው መጻሕፍቱን አንድ ሳያጎድል፣ ቀለማቸውንም ሳያጠፋ መለሰላቸው። ግሽ የሚለው የምንጩ ስም ራሱ መጻሕፍቱን እንዲተፋ ካዘዙበት ቃል የመጣ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

ታዲያ እዚያው ምንጭ ላይ ቆሞ አደራ የበላም አለ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግሽ የደረሰው በፈረንጆቹ ኅዳር 1770 ነው። አገሩ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው ባለ5 ቅጽ መጽሐፍ ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። (የሰከላ ሰው ከብቱን የሚያጠጣበትን ውኃ «አገኘሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።) ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ በ1618 እዚያው ቆሞ ነበር፤ ያየውንም ጽፏል። ብሩስ ይህን አላጣውም። ጽሑፉን ለማስተባበል ብዙ ደከመ እንጂ።

የከፋው ይህ አይደለም። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ሠዓሊ ቀጥሮ ይዞ ነበር። ኮሶውን፣ እንሰቱን፣ በመንገድ ያገኙትን ቅጠል ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚሥለው ባሉጋኒ ነው። ሰውዬው በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ አደረጋቸው። ይባስ ብሎ ባሉጋኒ ግሽን ሳያይ ቀድሞ ሞቷል ብሎ ጻፈ፤ የሟቹ የጉዞ ማስታወሻ ደግሞ እስከ ምንጩ አብሮ እንደሄደ ያሳያል። ልብ በሉ፣ ብሩስ ሰነፍ አልነበረም። ግዕዝ የተማረ፣ መጽሐፈ ሄኖክን ለአውሮፓ ያደረሰ ሰው ነው። የጽሑፍ ሌብነት የሰነፍ ተማሪ በሽታ ብቻ ነው ለሚሉኝ ሁሌም እሱን እጠራላቸዋለሁ። ክብርን ለብቻ የመብላት ረኀብም ሰው ያሰርቃል።

እኛ ጋ ይህ ነገር አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር። ቅኔ «ይዘረፋል» ስንል ከራስ ጭንቅላት ነው። የቆሎ ተማሪ ቀኑን ጫካ ውስጥ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ማታ ለመምህሩ ሲያሰማ የሰው ቅኔ ቢያመጣ ከጓደኞቹ ፊት ያፍራል። መንገዱ እንኳ ባለቤት አለው፤ ይህ የዋሸራ ቤት ነው፣ ይህ የጎንጅ፣ ይህ የዋድላ ይባላል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው ሲያሳትሙም ቅኔውን ከነባለቤቱ ነው ያኖሩት።

ታዲያ ምን ነካን? አንድ ጊዜ፣ ኮሌጁን አልጠራም፣ ስለ ቡሬ በርበሬ አምራቾች የተጻፈ መመረቂያ እንድገመግም ተሰጠኝ። እስከ ገጽ 30 ደህና ሄደ። ገጽ 31 ላይ «በርበሬ አጥማጆቹ ማለዳ መረባቸውን ይጥላሉ» ይላል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። የሐዋሳ ዓሣ አጥማጆች ጥናት በፍላሽ ተቀድቶ፣ «ዓሣ» የሚለው ሁሉ «በርበሬ» ተደርጓል። መረቡን ግን ረስቶታል።

ልጁን ስጠራው ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ያለኝ ነገር ግን አፌን ዘጋው፤ «ጋሼ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ገልብጡ እየተባልን ነው ያደግነው። አትገልብጥ ያሉኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።» እውነቱን ነው። እኔም 30 ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ሞልቼ «ገልብጡ» ስል የኖርኩ መምህር ነኝ። መመረቂያውን እንደገና አስጻፍነው፤ ቡሬ ገበያ ወርዶ ገበሬ አነጋግሮ 14 ገጽ ይዞ መጣ። የፊተኛውን ግማሽ እንኳ የማይሞላ፣ ግን የራሱ።

ሥራው ከባድ አይደለም። የሰውን ቃል እንዳለ ስትወስዱ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፣ ባለቤቱንም ጥሩ። በራሳችሁ ቃል ብታስቀምጡትም ሐሳቡ የሰው ነውና አሁንም ጥሩ። ሁለት ሦስት ቃል ቀያይሮ የራሴ ነው ማለት የተሰረቀን በሬ ቀንዱን ቀብቶ ገበያ እንደማውጣት ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ጥቅስን አይከለክልም፤ ምንጩና የደራሲው ስም ይነገር ነው የሚለው። አሁን ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ የጠየቃችሁትን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ። የሌለ መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ ሊጠቅስላችሁ ስለሚችል በስማችሁ ከመፈረማችሁ በፊት መጽሐፉን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አግኙት።

መስከረም ላይ መምህር ሆናችሁ ክፍል ትገባላችሁ። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ደብተሩን ሲያሳያችሁ «ከማን አገኘኸው?» በሉት። በቁጣ አይደለም፤ ቤት የመጣን ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» እንደምትሉት በሉት።

እኔም ዕዳዬን ልክፈል። የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ታሪክ የነገሩኝ እናቴ ናቸው። የባሉጋኒን ከመጽሐፍ አገኘሁት። የበርበሬ አጥማጆቹን እንድናገር የፈቀደልኝ ልጁ ራሱ ነው፤ ዛሬ እሱም መምህር ነው።