ለየወንበሩ አሳቢ

በብሪታንያ የሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማይክል ከርተን፣ ችግር አፈታታችን በሁለት ጫፎች መካከል እንደሚለያይ በ1976 እ.ኤ.አ. ጻፈ። አንዱ ያለውን አሠራር ያሻሽላል፤ ሌላው አሠራሩን ራሱን ይጠይቃል።

ለምሳሌ እዚሁ ካዛንቺስ፣ አፍሪካ አዳራሽ ባለበት ግቢ፣ አዴባዮ አዴዴጂ ከ1975 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን መርተዋል። የዓለም ባንክና የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የመዋቅር ማስተካከያ በነገሠበት ዘመን፣ በ1989 ኮሚሽናቸው የራሱን አማራጭ ማዕቀፍ ይዞ ቀረበ። ለእኔ እኚህ ጠያቂ ናቸው፤ ወንበሩም ጠያቂ ይፈልግ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ሒሳብ ክፍል ብናስቀምጠው ግን ኦዲተሩ እንቅልፍ አይወስደውም! ቂርቆስ ውስጥ ደረሰኝ ከደረሰኝ እያመሳከረ የሚያመሽ የሒሳብ ኃላፊም ያስባል፤ ያውም በጥንቃቄ። እኛ ግን ጎበዝ ነው ብለን የአዲስ ፕሮጀክት አለቃ እናደርገዋለን፤ ከዚያ «ምነው ደፋር አልሆነም?» እያልን እናማዋለን።