የጳጳሱ መቀባትና የንጉሡ መሬት፤ የዐፄ ቴዎድሮስና የአቡነ ሰላማ ነገር

(ለከተማው ሕዝብና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በቀድሞ ዘመን በጦር ያሸነፈ ሁሉ ንጉሠ ነገሥት አይባልም ነበር። ጦር አገር ይይዛል፤ መኳንንቱንና ሕዝቡን በመሐላ የሚያስረው ግን ቅብዐ መንግሥቱ ነው። ይህንን የሚቀባውም ከእስክንድርያ መንበር ተሹሞ የሚመጣ አንድ ግብፃዊ ጳጳስ ነበር። እርሱ ከሞተ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ቄስና ዲያቆን የሚሾም እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ዙፋን የሚሹ መኳንንት ከጠመንጃው ቀጥሎ ጳጳሱን በእጃቸው ለማድረግ ይሽቀዳደሙ ነበር።

የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኀይለ ማርያም መልእክተኞችን ወደ ካይሮ ልከው፣ በ1834 ዓ.ም. አቡነ ሰላማን አስመጡ። ጳጳሱ ገና ወጣት ነበሩ። የውቤ ሐሳብ ራስ ዐሊን ድል ነሥተው ለመንገሥ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ደብረ ታቦር ላይ ድሉ የኛ ነው ብለው ደስታ በሚያደርጉበት ሰዓት ድንገት ተማረኩ፤ አቡኑም በራስ ዐሊ እጅ ወደቁ። ከዚያም ጎንደር ተቀመጡ። ይሁን እንጂ የጎንደር ሊቃውንት በምሥጢረ ሥጋዌ ክርክር ተከፋፍለው ስለ ነበር ዕረፍት አላገኙም፤ በ1838 ዓ.ም. ከከተማው ተባርረው ወደ ውቤ አገር ተመለሱ።

ራስ ዐሊን ያሸነፉት ደጃዝማች ካሣ ኀይሉ ይህንን ሁሉ አስተውለዋል። ለአቡኑ ያቀረቡላቸውም ውቤ ሊያቀርቡ ያልቻሉትን ነው፤ ይኸውም ወደ ጎንደር መመለስን፣ ተዋሕዶ ብቻ በአዋጅ መጽናቱን፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም ከአገር መውጣታቸውን ነው። በ1846 ዓ.ም. ክረምት በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ ውሉ ተፈጸመ። የቀረው ውቤን ማሸነፍ ነበረና፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ተሸነፉ። ውቤ ለገዛ ንግሣቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ራሳቸው ባስመጡት ጳጳስ እጅ፣ ካሣ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ተረት ነው ቢሉት የሚያምን አይጠፋም፤ ሆኖም የሆነ ነገር ነው።

ፍቅሩ ግን ብዙ አልቆየም፤ ያናወጠውም የመሬት ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ መኖሩን ትቶ በደመወዝ እንዲተዳደር ፈለጉ። ለደመወዝ ገንዘብ፣ ለገንዘብም ግብር የሚከፍል መሬት ያስፈልጋል። ከመሬቱም ብዙው በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። (ሲሶ ለቀዳሽ ይባላል፤ ለክቶ የቈጠረው ግን የለም።) ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ ለእነርሱ መተዳደሪያ ከሚሆነው የተረፈው መሬት ግብር ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ ብለው ፈረዱ። ሐሳቡ መልካም ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ አፈጻጸሙ ግን ከጦር ሰፈር እንደሚወጣ ትእዛዝ ነበር። የደብሩ አለቃ፣ ደብተራውና መሪጌታው በአንድ ቃል ርስታቸውን ሲያጡ፣ የመሬቱ ነገር ወዲያው የሃይማኖት ነገር ሆነ። ንጉሡ መናፍቅ ናቸው የሚል ወሬ በየገበያው ይናፈስ ጀመር።

በ1849 ዓ.ም. የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ቄርሎስ ራሳቸው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የላካቸው የግብፅ ገዥ ሰዒድ ፓሻ ስለ ነበረ ንጉሡ ተጠራጠሩ፤ ፓትርያርኩንና ጳጳሱን ለጥቂት ቀናት አግተው ያዙ። ከዚህ በኋላ በንጉሡና በአቡኑ መካከል የነበረው ሰላም የአፍ ብቻ ሆነ።

በመጨረሻም በ1856 ዓ.ም. አቡነ ሰላማ መቅደላ አምባ ላይ ታሰሩ። ንጉሡ ጳጳሱን ለማሰር ቻሉ፤ በሕይወት ሳሉ ግን ሌላ ጳጳስ በቦታቸው ለማስመጣት አልቻሉም፤ የቀባቸውንም እጅ ሐሰት ነው ለማለት አይመችም፤ የራሳቸው መንግሥት የቆመው በእርሱ ላይ ነውና። አቡኑ በበኩላቸው ከአምባው ሆነው ከዐመፁት መኳንንት ጋር ይላላኩ ነበር ይባላል። በየአውራጃው የተነሣው ሁሉ አቡኑን ያሰረ ንጉሥ እያለ ሕዝብ ይሰበስብ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች፤ የአብያተ ክርስቲያናቱም መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተወሰዱ። አቡነ ሰላማ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እዚያው በእስር ዐረፉ። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው አምባ ላይ የእንግሊዝ ጦር ሲገባ ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚያ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ጳጳስ ግን በአገሩ አልነበረም። የትግሬው ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ቀደም ብለው ወደ ግብፅ ልከው በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ሁለቱ ነገሥታት በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ተዋጉ፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስም ተማረኩ። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶም ዐፄ ዮሐንስ ከእስክንድርያ አንድ ሳይሆን አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ።