ውድ ታብሌት ለዕለት ተዕለት ሥራ ዋጋውን ያወጣልን? ከድሬዳዋ የሚታይ ስሌት

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእስ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይልቅ በታይዋን ገበያ ሱቆች ደጃፍ የሚነሣ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ወደ ቢሮዬ መጥተው ይህንኑ የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። «መምህር፣ ውዱ ታብሌት ለትምህርቴ በእርግጥ ያስፈልገኛል?» ይሉኛል። ከጥያቄው ጀርባ የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ፣ የእናት ዕቁብ፣ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ የሚልከው ገንዘብ አለ። ስለዚህ ጥያቄው በቂ ምርመራ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለአብዛኞቻችን የዕለት ተዕለት ሥራ ውዱ ታብሌት ዋጋውን አያወጣም። ዕቃው ግሩም ዕቃ ነው፤ ችግሩ ያለው ከአጠቃቀማችን ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። መሬትና ወርቅ ተቀምጠው ሊጠብቁን ይችላሉ። ታብሌት ግን ቢሠራበትም ባይሠራበትም ዋጋው ይወርዳል፣ ባትሪው ያረጃል፣ ሶፍትዌሩ ጊዜ ያልፍበታል። ዛሬ ለማንሠራው ሥራ ዛሬ የምንከፍለው ገንዘብ ተመልሶ የማይገኝ ገንዘብ ነው። የቀረው ንግግሬ ይህንን ሐሳብ በቁጥርና በምሳሌ የሚያብራራ ይሆናል።

የዕለት ተዕለት ሥራ ማለት ምን ማለት ነው?

በዚህ ግቢ የአንድን ተማሪ ቀን ብንከተል በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ሲያነብ፣ ማስታወሻ ሲይዝ፣ የትምህርት ቪዲዮ ሲመለከት፣ ኢሜይል ሲልክና በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ አጫጭር ጽሑፎችን ሲጽፍ እናገኘዋለን። የመምህሩም ቀን ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ስላይድ ማሳየትና የተማሪ ወረቀት ማረም ይጨመርበታል።

ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፓድ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2010 ሲያስተዋውቅ ዕቃው የታሰበለት ሥራም ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም፤ ኢንተርኔት መቃኘት፣ ኢሜይል፣ ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮ፣ የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ። መነሻ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ የታብሌቶች ጉልበት ብዙ እጥፍ አድጓል፤ የዕለት ሥራችን ዝርዝር ግን ያን ያህል አልተለወጠም። የውዱ ታብሌት ትርፍ ጉልበት ሥራ ፈትቶ የሚቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተጨማሪው ገንዘብ ምን ይገዛል?

ከአንድ አምራች ሁለት ምርቶችን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የወጣው ባለ 11 ኢንች አይፓድ ፕሮ መነሻ ዋጋው 999 ዶላር፣ ባለ 13 ኢንቹ ደግሞ 1,299 ዶላር ነበር። በዚያው ጊዜ መደበኛው 10ኛ ትውልድ አይፓድ ወደ 349 ዶላር ወረደ። ባለ 13 ኢንቹን የሚገዛ ሰው 129 ዶላር የሚያወጣውን ዲጂታል ብዕርና 349 ዶላር የሚያወጣውን ኪቦርድ ቢጨምር ሂሳቡ 1,777 ዶላር ይደርሳል።

በዚህ ልዩነት የሚገኘው ነገር እውነተኛ ነው። ፕሮሰሰሩ እጅግ ፈጣን ነው፤ የኦሌድ ስክሪኑ ጥቁሩን ጥቁር፣ ቀለሙን ሕያው አድርጎ ያሳያል፤ ብርሃኑም ከመደበኛው በእጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ለአንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ነገር የፊደል ጥራት ነው። በአንድ ኢንች የሚደረደሩት ነጥቦች ብዛት በመደበኛውም በውዱም አይፓድ 264 ነው። «ጸ»ን ከ«ጼ» ለመለየት የምትቸገር ዓይን ካለች ችግሯን የምትፈታው በፊደል መጠን ነው፤ በ650 ዶላር ጭማሪ አይደለም።

«ውዱ ዕድሜው ይረዝማል» የሚለውን ክርክር በአክብሮት እቀበለዋለሁ፤ ግማሹ እውነት ነውና። ስመ ጥር ያልሆኑ በጣም ርካሽ ታብሌቶች የሶፍትዌር ማሻሻያ ሳያገኙ ቶሎ ይቀራሉ፤ እነዚህን አልመክርም። ነገር ግን የታወቀ አምራች መደበኛ ምርትም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በ329 ዶላር የወጣው 7ኛ ትውልድ አይፓድ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ የዚያን ዓመት አዲስ ሶፍትዌር ተቀብሏል። ረጅም ዕድሜ የሚገኘው ከአምራቹ ፖሊሲ ነው፤ ለማግኘቱ የግድ ከሁሉ ውዱን መግዛት አያሻም።

ስለ ዲጂታል ብዕሩም አንድ ነገር ልበል። የእጅ ጽሑፍን ወደ ታተመ ፊደል የሚለውጠው የአፕል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ የሚያውቃቸው ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ቻይንኛ ነበሩ። የማስታወቂያው ተአምር ሁሉ ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞ ወይም ለሶማልኛ ጸሐፊ እኩል ይደርሳል ብላችሁ አትገምቱ። ከመግዛታችሁ በፊት በምትጽፉበት ቋንቋ ሞክሩት።

ሙቀት፣ ጥገና፣ ምንዛሬ

የምንኖረው በድሬዳዋ ነው። አፕል ለአይፓድ ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ይህም ለውዱም ለመደበኛውም አንድ ነው። በከተማችን በሞቃቶቹ ወራት የቀትር ሙቀት 35 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ አይደለም። በፀሐይ የቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ የተተወ ታብሌትማ ከዚያ እጅግ ያልፋል። ዕቃው ሲግል የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፣ ባትሪ መሙላቱን ያዘገያል ወይም ያቆማል። የሊቲየም ባትሪ በሙቀት ውስጥ፣ በተለይም ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ፈጥኖ ያረጃል። የባትሪው ኬሚስትሪ የዕቃውን ዋጋ አይጠይቅም። በ1,000 ዶላር የተገዛውም በ350 የተገዛውም ለከዚራ ጥላ እኩል ፈላጊ ነው።

ጥገናን እንውሰድ። አፕል በአገራችን የራሱ መደብር የለውም። የድሬዳዋ ጠጋኞች እጀ ብልህ መሆናቸውን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ብልህ እጅም መለዋወጫ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የያዘው ዕቃ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፤ ጥቂት ሰው የያዘው በትእዛዝ፣ በጥበቃና በውድ ዋጋ ይመጣል። ውዱ አይፓድ ውፍረቱ ከ5 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ለዓይን ውበት የሆነው ይህ ቅጥነት ለጠጋኝ ጭንቅ ነው።

ከሁሉ የከበደው ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በቀድሞው ተመን 57,000 ብር የማይሞላው የ999 ዶላር ታብሌት፣ በ100 ብር ሂሳብ እንኳ 99,900 ብር ሆነ። የጉምሩክ ወጪ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተደመሩም። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆኖ ነበር። በዚያ ደመወዝ ሠራተኛው አንዳች ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም ታብሌቱን የሚገዛው ከ20 ወራት በኋላ ነበር። ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ አባት ይህ ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል አንዘንጋ።

ኢንተርኔትም ይታከልበት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የደንበኞች አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው በከተማችን፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሁለተኛ አማራጭ ማግኘታችን መልካም ነው። ነገር ግን መስመር ሲጨናነቅ ወይም መብራት ሲጠፋ ፈጣኑ ፕሮሰሰርም እንደ ዘገምተኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ከአገራችን ተሞክሮ

ይህ የግለሰብ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ አገርም ታብሌት ገዝታ አይታዋለች። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። ሦስተኛው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ተደርጎ ነበርና አራተኛው ለኅዳር 2010 ዓ.ም. ታቀደ። ወረቀትን በዲጂታል ለመተካት ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶች ተገዙ። የአሠራሩ ሐሳብ የሚመሰገን ነበር። ነገር ግን ቆጠራው በጸጥታና በሌሎች ምክንያቶች ወደ 2011 ዓ.ም. ተላለፈ፣ ከዚያም እንደገና ተራዘመ፣ ኮሮናም ደረሰ። ሥራው ሲዘገይ ዕቃው አይዘገይም፤ ባትሪ በካርቶን ውስጥም ያረጃል።

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ከኮሮና መዘጋት በኋላ ፈተናው በታብሌት ሊሰጥ ታስቦ ሳለ ታብሌቶቹ በወቅቱ ባለመድረሳቸው በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጠ። በመጀመሪያው ታሪክ ዕቃው ሥራውን ቀደመ፤ በሁለተኛው ሥራው ዕቃውን ቀደመ። በሁለቱም ጥቅሙን የወሰነው የዕቃውና የሥራው ጊዜ መገጣጠም ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ተስፋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ለሕፃናት ሰጠ። ዙም በወጣበት ጊዜ ዋጋው 800 ዶላር የሚጠጋ፣ በዘመኑ ውድ የሚባል ዕቃ ነበር። ሕፃናቱ ያለ አስተማሪ ከፍተው መጠቀም መቻላቸው ዓለምን አስደነቀ። እኔ ግን ሌላ ነገር አስተውላለሁ። ልጆቹ የተማሩት የእንግሊዝኛ ፊደል ነበር፤ የተጫነላቸው እርሱ ነበርና። ታብሌት የሚሰጠን የጫንንበትን ያህል ነው።

ታዲያ ውዱ ለማን ነው?

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን የሌላውን ወገን ልናገር። ቀኑን ሙሉ በብዕር የሚሥል የሥነ ሕንፃ ተማሪ፣ በጠራራ ፀሐይ ካርታና ሥዕል የሚያነብ መሐንዲስ፣ ቪዲዮ አቀናብሮ እንጀራውን የሚበላ ወጣት፣ የብራና ጽሑፎችን ምስል አጉልቶ የሚመረምር ተመራማሪ፤ ለእነዚህ ትልቁ ስክሪን፣ ብሩህነቱና ፍጥነቱ የሥራ መሣሪያ ናቸው። ዕቃው ገንዘቡን መልሶ ስለሚያስገኝላቸው ውድ አይባልባቸውም።

ክብርም አንድ ጥቅም ነው፤ ሰው በሚወደው ዕቃ ቢደሰት አልነቅፍም። የምለምነው በራሱ ገንዘብ ይደሰት፣ ስሙንም «ለትምህርቴ» አይበለው ብቻ ነው።

ለቀሪዎቻችን የምመክረው ስሌት ይህ ነው። ባለፈው አንድ ወር በስልካችሁ ወይም በኮምፒውተራችሁ የሠራችሁትን ጻፉ። ከመካከሉ በተደጋጋሚ የሠራችሁትን ከባዱን ሥራ ለዩ፤ እርሱን የሚችል ታብሌት ይበቃችኋል። ቀጥሎ ዋጋውን ለምትጠቀሙበት ቀን አካፍሉ። በ100 ብር ምንዛሬ 99,900 ብር ለአራት ዓመት ሲካፈል በቀን 68 ብር፣ 34,900 ብር ደግሞ 24 ብር ገደማ ይሆናል። ውዱ በየቀኑ የ44 ብር ተጨማሪ ሥራ ይሠራላችኋልን? መልሱ አዎን ከሆነ ግዙት። ካልሆነ ልዩነቱ የ65,000 ብር መጽሐፍ፣ ኢንተርኔት፣ መከላከያ ሽፋንና ፓወር ባንክ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠብቃችሁ ደግሞ ከታብሌት ሁሉ አስቀድማችሁ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ፈልጉ፤ ረጅም ጽሑፍ፣ ሠንጠረዥና የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ቤታቸው እዚያ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ሐሳብ አለኝ። ውድ መሣሪያ በጋራ ሲያዝ ይረክሳል። በየትምህርት ክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ታብሌቶች በቤተ መጻሕፍት በኩል በተራ ቢሰጡ፣ የሚሥለው ተማሪ በሚሥልበት ሳምንት ያገኛቸዋል፤ የሌላውም ቤተሰብ ከአላስፈላጊ ዕዳ ይድናል። «ታብሌት ያስፈልጋል» ብለን ለተማሪ ከመናገራችን በፊትም ለየትኛው ሥራ እንደሚያስፈልግ በኮርሱ መግለጫ ላይ እንጻፍ። ከእኛ አፍ የምትወጣ አንዲት ግድየለሽ ቃል በአንድ ቤት ውስጥ የዓመት ቁጠባ ልታስወጣ ትችላለችና።

 አሁን መድረኩን ለጥያቄና ለአስተያየት እለቃለሁ።