ወደ ኋላ ረግጠን ስለምናቆማቸው የቆዩ ብስክሌቶች አያያዝ
(በማኅበራችን የወሩ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ መዋጮን አይመለከትም፤ ስለዚህ ማንም ወደ በሩ እንዳያይ። ጉዳያችን ብስክሌት ነው። ባለፈው ክረምት ከሰፈራችን ልጆች አንዱ የአባቱን ብስክሌት ይዞ ከቤዛዊት ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ወድቆ እጁ መሰበሩን ሁላችንም እናውቃለን። ብስክሌቱን ስናየው የፍሬኑን ክንድ ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚይዘው ቡሎን ከወደቀ ቆይቷል፤ በቦታው ቀጭን ሽቦ ታስሮበት ነበር። ሽቦው ተበጥሷል። አንድ ቡሎንና አንድ ዳዶ ስንት ብር ነው?

እንደሚታወቀው ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት የቤት ዕቃ ያህል ነው። በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ ከተቋቋሙ በኋላ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ሲመላለስ ኖሯል። ከዚያ ዘመን የቀሩ፣ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚቆሙ ብስክሌቶች ዛሬም በየግቢያችን አሉ። ይህን ዓይነት ፍሬን በዓለም ያስታወቀው በጀርመን አገር ሽቫይንፉርት ከተማ የነበረው የፊክቴልና ዛክስ ፋብሪካ ነው። «ቶርፔዶ» የተባለውን ሞዞ ያወጣው በ1903 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች በየራሳቸው መንገድ ሠርተውታል።

ሞዞ የምንለው የኋላው ጎማ እምብርት ነው፤ ራጂዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት። ፍሬኑ ያለው በውስጡ ስለሆነ ጭቃም ዝናብም በቶሎ አያገኘውም። በክረምት የእጅ ፍሬን ጎማው ርሶ ሲንሸራተት ይኼኛው ይይዛል። የሚበጠስ ገመድም የለውም። ወደ ኋላ ስንረግጥ በውስጡ ያለው ሾጣጣ ብረት ገፍቶ የፍሬኑን ቀለበት ያሰፋዋል፤ ቀለበቱም ከሞዞው የውስጥ ግድግዳ ጋር ተፋትጎ ጎማውን ያቆመዋል። ክንዱ ደግሞ ይህ ሁሉ አብሮ እንዳይዞር የሚይዝ ነው። ክንዱ ካልታሰረ ፍሬን የለም ማለት ነው። ካቴናው ቢወልቅም እንዲሁ፤ ስለዚህ የካቴናው ልልነት መሐሉን በጣት ከፍና ዝቅ ስናደርገው ከአንድ ወይም ከአንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው «ፍሬን ከሆነ ግራሶ ምን ያደርግለታል፣ አያንሸራትተውም ወይ?» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ብረት ከብረት ጋር ደርቆ ሲፋተግ ይነክሳል፤ ጎማው ድንገት ይቆለፍና ሰውየውን አስፋልት ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ቀለበቱ ሙቀት የሚችል ግራሶ ይፈልጋል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጡ ሲረግጡት ሞዞው ይግላል፣ ግራሶው ይቃጠላል፣ ጭስም ይወጣዋል። እንዲህ የሆነ ሞዞ ሳይፈታ መነዳት የለበትም። ከቤዛዊት የሚወርድ ሰው አልፎ አልፎ ይቁም፣ ሞዞው ይቀዝቅዝ፤ የፊት የእጅ ፍሬን ቢያስገባ ደግሞ የበለጠ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የክንዱ ቡሎን ይፈታል፣ ከዚያ ጎማው ይወጣል። ሞዞውን የምንከፍተው በክንዱ በኩል ነው። መዶሻ አያስፈልግም! በመዶሻ የተከፈተ ሞዞ ብዙ አይተናል፤ ጥርሱ የተበላ፣ ዳግመኛ የማይገጥም። ዕቃው ሲወጣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በአወጣጡ ተራ ይደርደር፣ የየትኛው ፊት ወዴት እንደነበረም ይታይ። ኩሽኔታዎቹ ይቆጠሩ፤ ዶሮ አንዷን ለቅማ ብትሄድ አናውቅም። ሁሉም በላምባ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ኩሽኔታው ወይም የሚቀመጥበት ጎድጓዳ የተቦረቦረ ከሆነ ግራሶ አያድነውም፣ ይለወጥ። የቀለበቱ ፊት እንደ መስተዋት ካበራ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ይሻካር፣ ከዚያ ይታጠብ።

ሲገጠም ለኩሽኔታዎቹና ለቀለበቱ ግራሶ ነው። ፔዳል ወደ ፊት ሲረገጥ ሞዞውን ለሚይዙት ትናንሽ በርሜል መሳይ ብረቶች ግን ቀጭን ዘይት ይበቃል፤ ወፍራም ግራሶ ካጣበቃቸው ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል። የዘንጉ አጠባበቅ ልክ የሚታወቀው ጎማው በነፃ እየዞረ ጠርዙን ወደ ጎን ሲነቀንቁት የፀጉር ያህል ልልነት ሲሰማ ነው። በመጨረሻ ክንዱ በቡሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰር። ሳይወጡበት እየገፉ ፔዳሉን ወደ ኋላ መጫን፤ ጎማው ካልቆመ ማንም አይውጣበት።

አንዳንድ ጠጋኞች «ይህ ያረጀ ነው» ብለው ሞዞውን አውጥተው ይጥሉና ፍሬን የሌለው ጎማ ይገጥማሉ። ይህን አንስማማበትም። የተበላሸውንም ቢሆን አትጣሉ፣ ከውስጡ ለሌላው የሚሆን ዕቃ ይወጣል። ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ ቀለበት ለሌላው ስለማይሆን በሞዞው ላይ የተጻፈውን ስም አስቀድሞ ማንበብ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ግቢ ሞዞ እንፈታለን። ግራሶና ላምባ ከማኅበሩ ነው። ቁልፍ፣ ጨርቅና ዕቃ መያዣ ቆርቆሮ ግን እያንዳንዱ ይዞ ይምጣ። ልጆቻቸውን በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆች ቀድመው ይስተናገዳሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ